ባለወንበሯ

ኧረ ስሙኝማ፣ አንዲት ሴት ናት። መንታ ወልዳ ሥራ ከተመለሰች ወዲህ የሥራ ቦታ ስሟ "መንቴ" ሆኖ ቀርቷል። የምትሠራው የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ትልቅ ስላችሁ ደግሞ ቀላል ትልቅ አይደለም! ከወዲያ በኩል ማጠቢያዎቹ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ። መሀል ላይ ረጅሙ መተኮሻ ማሽን አለ፣ እርጥቡን አንሶላ በዚህ ጎርሶ በዚያ ደረቅና ቀጥ አድርጎ የሚተፋ። እንፋሎቱ በቃ ፊት ይልጣል! ሴቶቹ ጠዋት ተበጥረው ይገቡና ማታ በዝናብ የተመቱ መስለው ይወጣሉ።

ጥጉ ላይ ደግሞ ወንበሩ አለ። አንድ ወንበር።

እዚያ ቤት ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚሠራው። አንዷ ስታረግዝ ብቻ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና የተቀደደ አንሶላ ትሰፋለች። ጋሪ አትገፋም፣ እርጥብ አታነሣም፣ እንፋሎቱ ፊት አትቆምም። የሷን ድርሻ ሌሎቹ ይከፋፈሉታል። ሕጉን ያወጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው እንጂ አሠሪው አይደለም። አሠሪውማ "ከማሽኑ የምትጎድል አንዲት ብቻ ትሁን፣ ሁለተኛ ከጎደለች በቦታዋ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" ብሎ ነው በግድ እሺ ያለው። እርጉዝ ከሌለ የተቀደደውን ሻለቃ ቆመው ይሰፉታል እንጂ ወንበሩ ላይ ማንም ዝር አይልም። ሻለቃ የፈረቃው ኃላፊ ናቸው። ጦር ሠራዊት ደጃፍ እንኳን ደርሰው አያውቁም፣ ግን ድምፃቸውን ብትሰሙት ያለ ማንም ትእዛዝ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ! ስሙ ከጀርባቸው ነው፣ ፊት ለፊትማ "እትዬ" ናቸው።

እሺ፣ አሁን ወደ መንቴ ሆድ።

መንታ የተሸከመ ሆድ ነው በቃ። ልጆቹ ወጡ፣ ዳዴ አሉ፣ አሁን ቤቱን በሩጫ እያተራመሱት ነው። ሆዷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እዚያው ቁጭ! የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ጡንቻሽ መሀሉ ላይ ተለያይቷል፣ እንቅስቃሴ ሥሪ፣ ጊዜ ስጪው" ብላታለች። ጊዜ! ከየት አባቷ ታምጣው? በጀርባዋ ተኝታ መሀሉን ስትጫነው ጣቶቿ ስምጥ ይላሉ። ቆዳው ደግሞ ከታጠበ በኋላ ተረስቶ የደረቀ አንሶላ ነው የሚመስለው፣ ጭምድድ ያለ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ስለ ሆዷ አንድም ቀን ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ደግም አልተናገረም። ያ ዝምታው ራሱ ያሳብዳታል!

ስለዚህ ሆድ ማጥበቂያ ገዛች። ያ ጥቁሩ፣ ላስቲክ የሆነው፣ ከፊት በመንጠቆ የሚቆለፈው። ጠዋት ጠዋት ታናሽ እህቷ ናት የምትቆልፍላት፣ አብራት እየኖረች መንታዎቹን የምትይዝላት።

"ትንፋሽሽን ያዢ!"

"ይዣለሁ!"

"ገና ነሽ!"

"ከዚህ በላይ ከያዝኩማ ሞትኩ!"

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ መንጠቆው ጧ! ብሎ ተገነጠለና ግድግዳ ላይ ተላተመ። ሰዓት ሄዷል። መንቴ ማጥበቂያውን አልጋው ላይ ወረወረችና እንደዚያው ወጣች። "ጋዋኑ ሰፊ ነው፣ ይሸፍነዋል" ብላ።

አልሸፈነውማ! ከላይኛው መደርደሪያ ፎጣ ለማውረድ ስትንጠራራ ጋዋኑ ከፊቷ ጥብቅ አለ።

"አንቺ!" አሉ ሻለቃ። "ነይ ወዲህ።"

ሄደች። ሻለቃ ሳይጠይቁ ሳያስጠይቁ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ።

"ስንት ወርሽ ነው?"

ወይኔ! ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። መንቴ አፏን ከፈተች። ምን ትበል? "አይ እትዬ፣ ባዶ ነው" ትበል? ያን ሁሉ ጊዜ በላስቲክ ያፈነችውን ነገር፣ እዚያ መሀል ቆማ፣ በገዛ አፏ? ከአንገቷ በላይ እሳት ሆነች።

"አፍራ ነው!" አሉ ሻለቃ ለሁሉም። "መንታዎቹ ሳይጠነክሩ ደገመች እንዳትባል ፈርታ ነው! ምን ያሳፍራል? ነይ ተቀመጪ!" እጇን ይዘው ወንበሩ ላይ ቁጭ አደረጓት። እልልታው ቤቱን ሞላው።

"ነገ እነግራቸዋለሁ" አለች መንቴ በሆዷ።

ነገ መጣ። አልነገረቻቸውም።

ለምን መሰላችሁ? ተቀምጦ መሥራቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ! እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ግን ዋናው ሌላ ነው። ድምቡሼ የምትባል ወፍራም ቀልደኛ አለች፣ ከእርጥብ አንሶላ ጋሪ ጋር ስትታገል የምትውል። ከዚያ በፊት የመንቴን ሆድ በጣቷ እየነካች "ይሄን ቦርጭ ለማን ነው የምታስቀምጪው?" ትላት ነበር። አሁን ያንኑ ሆድ በሁለት እጇ አቅፋ "ውይ ሲያምርብሽ!" አለቻት። ያው ሆድ እኮ ነው! ትናንት ቦርጭ፣ ዛሬ ውበት! መንቴ ማጥበቂያ ማድረግ ተወች። ከወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች። መንገድ ላይ ሆዷን ለቅቃ፣ እጇን ከላይ ጣል አድርጋ፣ ዘና ብላ መራመድ ጀመረች። ጣፈጣት።

ግን ሌላም ነገር አለ። እርግዝና ያድጋል። ሆዷ ደግሞ ያው ነው።

"የማጥበቂያውን መንጠቆ ለምንድነው ያላሰፋሽው?" አለቻት እህቷ አንድ ቀን። መንቴ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላት። እህቷ አንዱን መንታ እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች።

"አብደሻል? ወሩ ሲገፋ ምን ልትወልጂ ነው? ፎጣ?"

"አትሳቂ።"

"እየሳቅኩ አይደለም! ምን ልትያቸው ነው?"

መንቴ ዓይኗን ሰበረች። "ጨነገፈብኝ... እላለሁ።"

እህቷ ልጁን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ። "እንደሱ እንዳትዪ። ምንም ሆነሽ እንደሱ አይነት ነገር ካፍሽ እንዳይወጣ። ሰምተሻል?"

ሰምታለች። ግን ሌላ መውጫ አላገኘችም።

አሁን ቀጮ ትመጣለች። ቀጮ የመንቴ የልብ ጓደኛ ናት፣ መተኮሻው አፍ ላይ ቆማ አንሶላ የምታጎርሰው እሷ ናት። ስሟ እንደሚነግራችሁ ነው፣ ሸንበቆ! ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የመንቴን ድርሻ አብዝታ የምትሠራውም እሷ ነበረች። "አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አለሁ" እያለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቀጮ ከፎጣው መደርደሪያ ኋላ ጎትታ ወሰደቻት።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለማንም እንዳትናገሪ። በልጆችሽ!"

"ምንድነው? አስደነገጥሽኝ እኮ!"

"አርግዣለሁ።"

መንቴ ክው አለች። ቀጮ ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሁለተኛው ጊዜማ ብርድ ልብስ ተደራርቦላት እንኳን ስትንቀጠቀጥ እጇን ይዛ ያደረችው መንቴ ናት።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"ሙቀት ፊት አትቁሚ፣ ከባድ ነገር አታንሺ።"

"ታዲያ ለሻለቃ ንገሪያቸው!"

"ምን ብዬ? ወንበሩ አንድ ነው። ያንቺ ገፍቷል፣ አንቺን አስነሥቼ ልቀመጥ ነው? አሠሪው ደግሞ ሁለት ከጎደልን ሌላ ሰው ያመጣል። በዚያ ላይ ካሁኑ ተወርቶ እንደ በፊቱ ቢሆንብኝስ?" ከዚያ ግን ራሷው ሳቀች። "ተይው፣ አንቺ ስትወልጂ እኔ እቀመጣለሁ። ብቻ ቶሎ ውለጂልኝ!"

እዚህ ጋ ነበር። እዚህ ጋ መናገር ነበረባት! ማንም የለ፣ ሁለቱ ብቻ፣ ጆሮዋ ሥር ሹክ ብትላት ያልቅ ነበር። ግን የቀጮን ልጥፍ ያለ ሆድ አየች። ያ ሆድ ሁለት ልጅ ያጣ ሆድ ነው። የራሷን ደግሞ አየችው፣ በሐሰት ወንበር የያዘውን።

"እሺ" አለች።

እሺ! ይሄ ነው ከአፏ የወጣው!

ከዚያ በኋላ ወንበሩ እንደ ምጣድ አቃጠላት። መርፌዋን ትሰካለች፣ ዓይኗ ግን ቀጮ ላይ ነው። ቀጮ አንሶላ ስታነሣ የመንቴ ወገብ ይቆረጣል። ቀጮ ቀና ብላ ላብ ስትጠርግ የመንቴ ልብ ይቆማል። አንዴ ተነሥታ ሻለቃ ጋ ሄደች።

"እትዬ..."

"ምነው? አምሮሽ ነው? ምን አማረሽ?"

"ውሃ" አለች። ውሃ ጠጥታ ተመለሰች! እኔ ብሆን ራሴን በጥፊ እመታው ነበር፣ እሷም ሳትመታው አልቀረችም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሆቴሉ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ነበረና የአንሶላ ጋሪው ከበር እስከ በር ተሰለፈ። ይባስ ብሎ ትልቁ ማራገቢያ ከጠዋት ጀምሮ አልዞር አለ። ሙቀቱ አያድርስ! ሻለቃ "ፍጠኑ!" ይላሉ፣ ማሽኑ እንፋሎት ይተፋል፣ ድምቡሼ እንኳን ቀልድ አልቆባታል።

መንቴ ከጥጓ ሆና ቀጮን ታያለች። ቀጮ አንድ አንሶላ አጎረሰች። ሌላ አነሣች። ከዚያ ቆመች። ፊቷ የያዘችውን አንሶላ መሰለ። በአንድ እጇ የማሽኑን ጠርዝ ያዘች፣ ሌላውን እጇን ቀስ አድርጋ ከእምብርቷ በታች አሳረፈችው።

መርፌው መንቴን ጣቷን ወጋት። አልተሰማትም። ብድግ ስትል ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

"ምን ሆነሻል? ተቀመጪ!" አሉ ሻለቃ።

"አልቀመጥም! እሷ ትቀመጥ!"

"እሷ ማን?"

ቀጮ ከማዶ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ይለምናል፦ እንዳትናገሪ። በልጆችሽ።

መንቴ መሀል ላይ ተገተረች። የቀጮን ምስጢር አውጥታ መናገር አትችልም። የራሷን ግን ትችላለች።

"እርጉዝ አይደለሁም" አለች።

"አልሰማሁም!" አሉ ሻለቃ። ማሽኑ ያጓራላ!

"እርጉዝ አይደለሁም!"

"ምን?"

ድምቡሼ ነገሩ ግራ ገብቷት ማሽኑን አጠፋችው። ልክ ያኔ፣ በዚያች ቅጽበት፣ መንቴ ሳንባዋ እስኪቀደድ ጮኸች፦

"እርጉዝ አይደለሁም!!"

ጣራው ላይ የተጠራቀመው እንፋሎት ጠብ ሲል ይሰማል።

ሻለቃ ዓይናቸውን አጠበቡ። "ሙቀቱ ነው። ይቺን ልጅ ውሃ ስጧት፣ እየቃዠች ነው።"

"አልቃዠሁም እትዬ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?" ብለው ወደ ሆዷ ጠቆሙ።

"ሆዴ ነው።"

"ሆድሽማ መሆኑን አየሁ! ውስጡ ምን አለ?"

"ምንም የለም። የመንታዎቹ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልገባም።"

አላመኗትም። እንዴት ይመኗት? ያን ጊዜ መንቴ የጋዋኗን ቁልፍ ፈታች። ሸሚዟን እስከ ጡቷ ድረስ ሰበሰበችው። ለባሏ እንኳን መብራት ሳታጠፋ የማታሳየውን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጠራራ መብራት! ሸንተረሩ፣ ጭምድዱ፣ የተንጠለጠለው፣ ሁሉም ወጣ። ጣቶቿን አጋጥማ መሀሉ ላይ ተጫነች። ስምጥ አሉ።

"አያችሁ? ባዶ ነው። ዋሸኋችሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነው፣ በኋላ ግን ስለተመቸኝ ነው። አሁን ወንበሩ የኔ አይደለም፣ በቃ የሚገባት ትቀመጥበት!"

ከማሽኑ በኩል ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጮ በጉልበቷ ወርዳለች።

አቤት ሩጫ! ሻለቃ በዕድሜያቸው ያን ያህል ይሮጣሉ ያለ ማን አለ? አንሥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፣ ድምቡሼ በእርጥብ ፎጣ አናቷን ያዘች። ሻለቃ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት። ቀጮ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"እስከ ዛሬ?" አሉ ሻለቃ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ። "እዚህ እሳት ፊት?"

"ትንሽ ደም አየሁ" አለች ቀጮ።

የአንሶላ ማመላለሻው መኪና በር ላይ ነበር። ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ሲያወጡ በመንቴ አጠገብ አለፉ። መንቴ ሸሚዟን ገና አላወረደችም፣ ረስታዋለች። ቀጮ ቆመችና ሆዷን አየች፣ ከዚያ ፊቷን።

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለቻት። ብቻ። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር!

በሩ ተዘጋ። መንቴ ሸሚዟን አወረደችና ማንም ሳያዛት የቀጮ ቦታ ላይ ቆመች። ሻለቃ አላዩዋትም። አይተዋት እንዳላዩ ሆኑ ማለት ይሻላል። ማሽኑ ተነሣ። የተተኮሰ ትልቅ አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ። መንቴ የአንዱን ጫፍ ይዛ ቆመች። የሚቀበላት የለም። ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጎኗ ያልፋሉ።

"ጀርባዬ እስኪሰበር ያንቺን ጋሪ ስገፋ!" አለች አንዷ፣ ለሷ ይሁን ለአየሩ ሳይታወቅ።

መንቴ ብቻዋን አንሶላውን በደረቷ ደግፋ ለማጠፍ ሞከረች። ተጣመመባት። ፈታችው። ደግማ ሞከረች።

የሆነ እጅ ማዶውን ጫፍ መንጭቆ ያዘው። ድምቡሼ ናት።

"ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ" አለች። "ወጥሪ!"

ወጠረች። አጠፉ፣ ተጠጉ፣ ጫፍና ጫፉን አገናኙ። ፊትና ፊት ሲሆኑ ድምቡሼ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"የኔ የመጨረሻው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ደብተሬ ጠፋ እያለ ነው የሚነተርከኝ። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ 'ነፍሰ ጡር ናት' ብለው ተነሡልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? ተቀመጥኩ! እግሬን አሞኝ ነበራ!"

መንቴ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር አመለጣት።

"አትሳቂ" አለች ድምቡሼ፣ የራሷን ሳቅ እየዋጠች። "እኔ የማላውቀውን ሰው ነው የሸወድኩት። አንቺ ቀጮን ነው። ወጥሪ አልኩሽ!"

እንደዚያ እያሉ ዋሉ። አንሶላ አልቆ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ሰዓቱም እምቢ አለ። ሰው ሁሉ በአንድ ጆሮው ማሽኑን፣ በሌላው የሻለቃን ስልክ ያዳምጣል።

ፀሐይ ከመስኮቱ ስትሸሽ ስልኩ ጮኸ። ድምቡሼ ተወርውራ ማሽኑን አጠፋችው። ሁሉም ሻለቃን ከበቡ። መንቴ ብቻ ካለችበት አልተነቃነቀችም፣ መቅረብ እንደማይገባት አውቃለች። ትኩሱን አንሶላ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። መዳፏን እየለበለባት አልለቀቀችውም።

"እሺ" አሉ ሻለቃ። "እሺ። እሺ፣ ገባኝ።" ፊታቸው ምንም አይነበብበትም! "አዎ፣ እዚሁ አለች። እነግራታለሁ።"

ስልኩን ዘጉ።

"ልቡ ይመታል" አሉ። "ደሙ ቆሟል። ሐኪም ቤት ትተኛለች፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ናት፣ አበቃ።"

እልልታው! ሴቶቹ ተቃቀፉ፣ አንዷ ጋሪ ውስጥ ዘላ ገባች። መንቴ እልል አላለችም። አንሶላውን ለቀቀችና ማሽኑን ተደገፈች።

ሻለቃ ሴቶቹን በእጃቸው ከፈል አድርገው ወደሷ መጡ። ፊት ለፊቷ ቆሙ።

"ላንቺም መልእክት አለሽ።"

"ምን... ምን አለች?"

"ነገ ሥራ ሳትገቢ በጠዋት እንድትመጪላት። ተኝታ ዝም ማለት ስላቃጠላት ልትሰድብሽ ነው። ገና ምን ምን ብላ እንደምትሰድብሽ እያሰበች ነው አሉ፣ ብዙ ነው፣ ቁርስሽን በልተሽ ነይ ብላለች።"

መንቴ ዓይኗ ሞላ። በክንዷ ጠረገችው። ማንም ሳይነግራት በረዥሙ ተነፈሰች፣ ሆዷ ወደፊት ወጣ፣ እሷም አልሰበሰበችውም።

"እመጣለሁ በሏት" አለች።